«ምንም ስጋት አይግባችሁ» ማለት ለተሳላሚው ይበቃዋልን?

የላስታ ልጅ፦ ሰሞኑን አንድ የበዓል አስተባባሪ ገጽ «ለገና ወደ ላሊበላ የምትመጡ ምእመናን ሆይ፣ መንገዱም ከተማውም ሰላም ነው፤ ምንም ስጋት አይግባችሁ» የሚል ጽሑፍ ከቪዲዮ ጋር ለጥፎ አየሁ። ቪዲዮው ቤተ ጊዮርጊስን ከሰማይ ያሳያል፤ ከወልድያ ተነሥቶ በድልብና በጋሸና አድርጎ የሚመጣው መንገድ ግን አንድም ቦታ ላይ አይታይም። ሰው የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ሆኖ ሳለ ጣሪያውን ማሳየት ምን ይሉታል? ይልቁንም «ምንም» የምትለው ቃል አናደደችኝ።

አስጎብኚው፦ ወንድሜ፣ አንተ በቃል ትናደዳለህ፤ እኛ የምንኖረው በበዓሉ ነው። በ2012 ወረርሽኙ እንግዳ አስቀረብን፤ በ2013 ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገባ፤ ከዚያም በኋላ መንገዱ አንድ ጊዜ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሲዘጋ ኖርን። ማንም ተነሥቶ «አትሂዱ» ብሎ የሚጽፋት አንዲት መስመር የስንት ቤት ምጣድ እንደምታቀዘቅዝ ብታውቅ፣ «ኑ» የሚለውን ሰው አትነቅፍም ነበር።

የላስታ ልጅ፦ አትምጡ አላልሁም። «ምንም» አትበሉ ነው ያልሁት። አንድ ነገር በተፈጠረ ማግስት ይህች ቃል የሚቀጥለውን ዓመት እንግዳ ጭምር ታስቀራለች።

የደሴዋ፦ በእኛ አገር ሰው ሲፈራ «አብሽር» እንለዋለን፤ «አብሽር» ያለ ሰው ግን ዕቃውን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ ይሸኛል እንጂ በቃል ብቻ አያሰናብትም። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ እንዲህ ባለ ጽሑፍ ሥር «ከጋሸና ወዲያ በማታ መጓዝ ይቻላል ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ በሰዓታት ውስጥ ተሰረዘ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጉዞው የእርሷ ነው፤ ነገር ግን ጭንቀቷን አይቼ አብሬያት መናኸሪያ ወረድሁ። አንድ ሹፌር «እናቴ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ጋሸናን ማለፍ ካልቻላችሁ ወልድያ እደሩ» አላት። ልቧ ያረፈው ያን ጊዜ ነው፤ ሄዳም ተሳልማ መጣች።

መምህሩ፦ እህቴ ያነሣችው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ መኪናው በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ በማኅበራዊ ሚዲያ መዘርዘር ለተሳላሚው ብቻ ሳይሆን ክፉ ላሰበውም መንገር ነው። አስተባባሪዎቹ በጥቅሉ የጻፉት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እኔ ዝምታቸውን በክፋት አልተረጉመውም።

የላስታ ልጅ፦ የጠባቂዎች ብዛት ይጻፍ ያለ የለም። ሌሊት የደረሰ ሰው የት ይደር? የታመመ ማን ጋ ይሂድ? የገናው ዕለት ዝማሬ፣ ቤዛ ኩሉ፣ ሲደርስስ? ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለት ጠርዝ፣ ማሜ ጋራ ላይ ቆመው ሲያሸበሽቡ ከበስተኋላ ያለው ሕዝብ ለማየት ይገፋል፤ ከፊት ያለው ሰው እግር ሥር ደግሞ የተፈለፈለው ገደል ነው። ሽማግሌና ሕፃን የያዘ ሰው በየት በኩል ይቁም ብሎ መጻፍ ምን ምስጢር ያወጣል? በቢሾፍቱ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በኢሬቻ በዓል ላይ ድንጋጤ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው ያለቀው በግፊያና ጉድጓድ ውስጥ በመውደቅ ነው።

አስጎብኚው፦ የቢሾፍቱን ሐዘን ከላሊበላ ገና ጋር ምን አገናኘው? እንዲህ ያለውን ስም ከበዓላችን ስም ጋር አጠገብ ለአጠገብ ስትጽፈው የሚያነብ ሰው ምን እንዲያስብ ነው? ለከተማህ ታዝናለህ ብዬ ነበር።

የላስታ ልጅ፦ ስለማዝን ነው የጻፍሁት። እናቴ በየዓመቱ በዚያ ጠርዝ ላይ ትቆማለች።

የዋግ ሰው፦ እናንተ ስለ ገጹ ትከራከራላችሁ፤ ከእኛ ወገን በሶውን ቋጥሮ ቀናት በእግሩ የሚመጣው ተሳላሚ ገጹንም አያየው። በ2016 ገና የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ተቋርጦ ነበር፤ ለእግረኛው ያን ጊዜም ወሬው የሚደርሰው በገበያና በዐውደ ምሕረት ነበር። ላሊበላ ሲደርስ እግሩን የሚያጥበው ሰው አያጣም፤ እርሱን የሚያረጋጋው ይህ ነው። ማረጋጊያው ለከተሜ ብቻ ከሆነ ለከተሜ ነው በሉን።

መምህሩ፦ ለከተሜም ቢሆን ያስፈልጋል፤ ሐሰተኛ ወሬ የሚሠራጨው እዚያው ነውና፣ ወሬውን በተነሣበት ቦታ መመለስ ግድ ነው።

የደሴዋ፦ መመለስ ካሉማ ጥያቄውን አለመሰረዝ ይቅደም፣ መምህር። ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴን ጥያቄ ያው እንደ ነበረ በራሴ ስም ከጽሑፉ ሥር ጻፍሁት። እስካሁን አልተሰረዘም፤ መልስም አልተሰጠበትም።

አስጎብኚው፦ ሊንኩን ላኪልኝ፤ መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር አለኝ፤ እርሱን ጠይቄ እመልስበታለሁ። «ምንም» የሚለውን ግን እኔም ብሆን እጽፈው ነበር።