የቆየ የላውንደሪ ማሽን በካሊፎርኒያ ማሠራት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴና እኔ ኦክላንድ ውስጥ አንድ ላውንደሪ ቤት ልንረከብ እየተደራደርን ነው። ከኋላ ክፍል ለረጅም ጊዜ የቆመ የድራይ ክሊኒንግ ማሽን አለ፤ በሩ ሲከፈት ጣፋጭ የሚመስል፣ ግን ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ወጣ። ሻጩ «ፈሳሹ ፐርክ (ፐርክሎሮኢትሊን የሚባለው ልብስ ማጠቢያ ኬሚካል) ነው፤ ፈቃዱን በስማችሁ ካዛወራችሁ ነገውኑ ይሠራል» ይሉናል። የስቴቱ ሕግ ይፈቅዳል?

መልስ 1፦
እህቴ፣ አይፈቅድም። ካሊፎርኒያ በ1983 ባወጣችው ሕግ መሠረት አንድ ኬሚካል በቅድሚያ በጤና ባለሙያዎችና በገለልተኛ ሳይንቲስቶች ተመርምሮ «መርዛማ የአየር በካይ» ተብሎ ይፈረጃል፤ የስቴቱ የአየር ሀብት ቦርድ የመቆጣጠሪያ ደንብ የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፐርክ በካንሰር አምጪነቱ የተፈረጀው በ1991 ነበር። በ1993 የወጣው ደንብ ትነቱ እንዲቀንስ ብቻ ያስገድድ ነበር፤ በ2007 የተሻሻለው ግን ከ2008 መጀመሪያ አንስቶ አዲስ የፐርክ ማሽን መትከልን ከልክሎ፣ የነበሩትንም ደረጃ በደረጃ እያስወጣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሁሉንም አገደ። ስለዚህ የሚዛወር ፈቃድ የለም።

መልስ 2፦
በማሽኑ ውስጥ የቀረው ፈሳሽና ዝቃጭ አደገኛ ቆሻሻ ስለሆነ ወደ ፍሳሽ ቱቦ እንዳይደፋ። ሻጩ ፈቃድ ያለው አስወጋጅ ጠርተው፣ ከፊርማ በፊት፣ በራሳቸው ወጪ ያስወግዱ ብላችሁ ውል ውስጥ አስገቡ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሽኑ ከወጣ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው? ደግሞስ በምን እንጠብ?

መልስ 3፦
እኔ በሙያው ላይ ስላለሁ ሁለተኛውን ልመልስ። በውሃና በልዩ ሳሙና የሚያጥበውን፣ ሙቀቱና መሽከርከሩ በኮምፒውተር የሚመጠነውን ማሽን ነው የምጠቀመው። መጀመሪያ የሱፍ ኮት ሁሉ ይሰበሰብብኛል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ልብሱን ወጥሮ የሚተኩስ መሣሪያ ከጎኑ ካለ ግን ቅርጹን ይዞ ይወጣል። ከነዳጅ የሚገኘውን ማጠቢያ ፈሳሽ ከመረጣችሁ አስቀድማችሁ የአካባቢያችሁን፣ የቤይ ኤሪያን፣ የአየር ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ ፈቃዱ ጠይቁ።

መልስ 1፦
የመጀመሪያውን በተመለከተ፣ አላለቀም። ፐርክ በኮንክሪት ወለል ሳይቀር ሰርጎ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ ትነቱም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ወደ ክፍሉ፣ አልፎ ተርፎም ወደ ጎረቤት ቤት ይገባል። ያልበከለ ሰው እንኳ ቦታውን በመያዙ ብቻ ለጽዳቱ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ከወለሉ ሥር ያለው የአፈር ትነት በባለሙያ ሳይለካ፣ የቀድሞ የምርመራ ሰነድም ካለ ሳታዩት፣ ቀብድ አትክፈሉ።