ፕሌይስቴሽን ቤቱ ይዘጋ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ክርክር ይኸውላችሁ። ትምህርት ቤት አጠገብ ያሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ይዘጉ የሚለው ወሬ ሰፈራችን ውስጥ እንደገና ተነስቷል። ይዘጉ ወይስ ይቆዩ? ጌም ያሳደጋችሁም፣ ጌም ልጅ የነጠቃችሁም፣ ግቡ። ስድብ ክልክል ነው።

መምህሩ፦ ይዘጉ። ምን ያከራክራል? ሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ስም ስጠራ ከኋላ ወንበር አምስት ልጅ የለም። የት እንዳሉ ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። ዩኒፎርማቸውን ገልብጠው ለብሰው ጌም ቤት ተደርድረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ቻይናም በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኦንላይን ጌም የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን፣ ያውም ማታ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ብላ ቆረጠችው። እኛ ምን እንጠብቃለን?

ፔስ 6፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔም ከእነዚያ አምስቱ አንዱ ነበርኩ። 1999 ዓ.ም. ላይ ፔስ 6 የሚባለው የእግር ኳስ ጌም ሲመጣ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። እኛ ሰፈር አንድ ጌም አንድ ብር ነው፤ ከፋዩ ተሸናፊ። የዳቦ ብሬ እዚያ ነው ያለቀው። ቤቱ ቆርቆሮ፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ። ማሽኑ አርጅቶ ሲዲ አላነብ ሲል ባለቤቱ በጎኑ ያቆመዋል። እምቢ ካለ ይገለብጠዋል፤ ተገልብጦ ይሠራል! የጆይስቲኩ የግራ አናሎግ፣ ማለት በአውራ ጣት የምትገፋው ዘንግ፣ ላስቲኩ ተበልቶ ስላለቀ አውራ ጣት ይልጣል። ኢንተርን የያዘ ልጅ ከገጠመህ አለቀልህ፤ አጥቂው አድሪያኖ ከየትም ይለጋታል።

ፔስ የክለቦቹን ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል ደግሞ «መርሲሳይድ ሬድ» ነበር የሚባሉት። እኔ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ፤ አናደደኝ። ኤዲት ውስጥ ገብቼ ስሞቹን አንድ በአንድ ቀየርኳቸው። ባለቤቱ አይቶ በነጻ አጫወተኝ። ቀስ እያለ ማሽን መፍታትና ሌንስ መጥረግ አሳየኝ። ዛሬ እንጀራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው። አበላሸኝ ወይስ አሳደገኝ?

መምህሩ፦ አንተን አሳደገ እንበል። አራቱስ?

ፔስ 6፦ አንዱ ሹፌር ነው፣ አንዱ ዱባይ ነው፣ አንዱ መምህር ሆኗል፤ ይቅርታ። አራተኛው... እመለስበታለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሞቼ፣ እናንተ የምታወሩት የድሮውን ነው። የእኔ ልጅ ጌም ቤት አይሄድም። ጌም ቤቱ ስልኩ ውስጥ ነው። ዘጋችሁት አልዘጋችሁት ለእኔ ምን ይፈይድልኛል? ሌሊት ስነሳ ብርድ ልብሱ ከውስጥ ያበራል። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ይሄ ነገር ይለቃል?

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ አትደንግጪ። መምህሩ የጠቀሱት ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው። ብዙ የተጫወተ ሁሉ ታመመ አይባልም። መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው ሁሉ ሲቀድምበት፣ እየጎዳውም ሲቀጥል፣ ይሄም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው። በሁለት ሳምንት ዕረፍት ብዙ ስለተጫወተ ልጅን «ሱሰኛ» ማለት ይቅር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔን ሳላስበው ነው የለቀቀኝ። አሜሪካ እንደገባሁ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁት ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት፣ ተራ የማልጠብቅበት የራሴ ጆይስቲክ። ሁለት ሳምንት ተጫወትኩ። ከዚያ ደበረኝ። ጎል አግብቼ ዞር ስል የምተርበው ሰው የለም። አሁን አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሲኒ ደርድራበት ነው የሄደችው።

አናሎግ፦ አልስማማም። ጌሙ ራሱ ነው የተበላሸው። የፔስ ሠሪው ኮናሚ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ፔስ የሚለውን ስም ጥሎ «ኢፉትቦል» ብሎ በነጻ ሲለቀው የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ ዓለም ሳቀበት። ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረው ሌላው የእግር ኳስ ጌም ደግሞ ጎበዝ መሆንህን ትቶ ኪስህን ያያል። በብር የተጫዋቾች ጥቅል ትገዛለህ፣ እስክትከፍተው ማን እንደሚወጣልህ አታውቅም። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን ቁማር ነው አለች፤ በጥር 2019 የፊፋ ጌም ሠሪው ኢኤ እዚያ አገር ጥቅሉ የሚገዛበትን የፊፋ ነጥብ መሸጥ አቆመ። በችሎታ ሲያሸንፉ ያደጉ ሰዎች በዚህ ቢሰለቹ ምን ይገርማል?

ፔስ 6፦ ወደ አራተኛው ልጅ አመጣኸኝ። ከሁላችን ጎበዙ እሱ ነበር። ስልክ ሲበዛ ጌም ቤቱ ሰው ቀነሰበት። ባለቤቱ ቴሌቪዥኖቹን ሸጠና ቤቱን ለስፖርት ውርርድ አከራየው። አግዳሚዋ እንኳ ያችው ናት። ልጁም ዛሬ እዚያችው ጥግ ተቀምጧል፣ ትኬት ይዞ። እኛ ሲደብረን ወጣን። እሱ ሲደብረው ብር ጨመረበት። መምህር፣ ይዘጋ ያሉት ቤት ተዘግቷል። የተተካውን ሄደው ይዩት።

መምህሩ፦ አይቼዋለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ አሉበት። እሺ፣ «ይዘጋ» የሚለውን ላለዝበው። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የሚያስገባ ግን ይታሸግ፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። ከአሥር ሰዓት በኋላ ይክፈት። በብር መወራረድ እንዳይኖር። ያኔ እኔም መጥቼ እሸነፋለሁ።

አናሎግ፦ መምህር በስንት ጎል?

አወያይ፦ ከርዕስ አንውጣ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይህን እያነበብኩ ልጄን ጠራሁት። «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» አልኩት። «አላውቃቸውም» አለኝ። ስማቸውን እንኳ አያውቅም። ወንድሜ ጥሎት የሄደ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ቁም ሳጥን ላይ አለ፤ ቅዳሜ የአጎቱን ልጆች ልጠራቸው አስቤያለሁ። ጆይስቲኩ ግን አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ስንት ይሸጣል?

ፔስ 6፦ አትግዢ እህቴ። እኔ ጋ አለ። የግራ አናሎጉ ግን ይልጣል።