4294967297 ግራ አጋብቶኛል
ሰላም። ሁለት ቀን አላስተኛ ያለኝ ቁጥር 4294967297 ነው፣ ማለትም 2 ፓወር 32 ሲደመር 1። ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል) መሆኑን በፌርማ ፈተና ላጣራ ብዬ (ቁጥሩ ፕራይም ከሆነ፣ ከ1 ጀምሮ ከእሱ የሚያንስ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር በእሱ ሲቀነስ 1 ፓወር ተደርጎ ለእሱ ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት) አጭር የፓይተን ኮድ ጻፍኩ። 2ን ፓወር 4294967296 አድርጌ ለዚሁ ቁጥር ሳካፍል ቀሪው 1 መጣ። አለፈ ማለት ነው! ደስታዬን ሳልጨርስ ከትንሹ ጀምሬ አንድ በአንድ ሳካፍለው ግን 641 ላይ ምንም ሳይተርፍ ተካፈለ፣ ድርሻው 6700417። (የሂሳብ ሊቁ ኦይለር ይሄን በ1732 ያለ ኮምፒውተር ነው ያገኘው፣ እኔ ኮድ ይዤ እንከራተታለሁ።) ኮዱ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ በ2 ፋንታ 4ንም 16ንም ፓወር አድርጌ ሞከርኩ፣ አሁንም 1። በ3 ስሞክር ግን 1 አልመጣም። ፓይተን ትልቅ ቁጥር ስለማይቆርጥ ችግሩ እዚያ አይመስለኝም። ታዲያ 3 ያጋለጠውን ቁጥር 2 እና የ2 ፓወሮች ለምንድነው የሚያሳልፉት?