ጦረኛዬን ሳልገድለው እንዴት ላስከብረው?

በምናብ ዓለም ጦርነት ላይ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የድልድይ ጠባቂዎች አለቃ ነበር። ጠላት በሌሊት ሲመጣ ድልድዩን ጥሎ ሸሸ፤ ከኋላው ያለችው ከተማ ነደደች። ጋሻውን በአደባባይ ሰብረው አዋረዱት። አሁን በዚያው የጦር ሰፈር ውሃ ቀጂ ነው።

መጀመሪያ በመጨረሻው ውጊያ ንጉሡን አድኖ እንዲሞት አደረግኩ። አልጣመኝም፤ ሞቱ ማምለጫ መሰለ። የጥንቷ ግሪክ ከተማ የስፓርታ ጦረኛ አርስጦዴሞስም ትዝ አለኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ከቴርሞፒላይ ውጊያ በሕይወት በመመለሱ ፈሪ ተባለ፤ እሳት እንኳ የሚሰጠው አጣ። በዓመቱ ፕላቴያ ላይ እንደ አንበሳ ተዋግቶ ወደቀ። የአገሩ ሰዎች ግን መሞት ስለፈለገ ነው ብለው ክብሩን ነፈጉት። እኔም ብሆን ከእነሱ ጋር የምስማማ ይመስለኛል።

ቀጥሎ የሸሸው በምስጢር ታዝዞ ነው ብዬ ጻፍኩ። ይሄ ደግሞ ባሰ። ጥፋት ከሌለው ምኑን ይክሳል?

የማልለቃት አንዲት ትዕይንት አለች። ወንድሟ በዚያች ከተማ የተቃጠለባት ወጣት ቀስተኛ የቀዳላትን ውሃ እያየችው መሬት ላይ ትደፋዋለች። እሱ ምንም ሳይል ጎንበስ ብሎ ኩባያውን ያነሳል፣ በእጅጌው አፈሩን ይጠርጋል፣ እንደገና ይሞላላታል። ከዚህ ወዲያ ብዕሬ አልሄድ አለ።

ሳይሞትና ጥፋቱ ሳይሰረዝለት፣ ይህች ልጅ በውጊያ ቀን አጠገቧ እንዲቆም እንድትፈቅድለት ምን ቢያደርግ ታምኑታላችሁ?