«እኛ እናውቅበታለን» ማለት ምን ማለት ነው? (የዲያስፖራው ዶላር እና ባሕር ዳር)

የግዮን ማዶ፦
ትናንት ከሰዓት እዚሁ ባሕር ዳር «የዲያስፖራ ኢንቨስትመንት» በሚል ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ይዤ የወጣሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መድረኩ ላይ የነበረው ሰውዬ «ዲያስፖራው ዶላሩን ይላክ፤ ምን ላይ እንደሚውል እኛ እናውቅበታለን» አለ። ተጨበጨበለት። ደሜ ፈላ። ወንድሜ ደንቨር ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እንቅልፉን ሸጦ ያጠራቀመውን ነው በአንድ ቃል «ይላክ» የተባለው። በዚህ አነጋገር ማን ይመጣል?

የሽምብጥ ልጅ (ሲያትል)፦
«እኛ» ማን ነው? እሱን ንገሩኝ መጀመሪያ። እኔ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የጣናን ዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ልንሠራ ሦስት ክረምት ተመላለስን። ቆሮሶውም አምባዛውም ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ይበላሻል፤ አጥማጁ የተሰጠውን ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል። እኛ ያሰብነው በረዶና መኪና ነበር፤ ሌላ ተአምር የለበትም። የመጀመሪያው ክረምት «ኮሚቴው አልተሟላም»። ሁለተኛው «ኃላፊው ተቀይሯል»። ሦስተኛው ፋይሉ ጠፋ። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ አሁንም እዚያ የሚሠሩ ጥሩ ልጆች አሉ። ግን ፋይል የሚጠፋበት ቤት «እኛ እናውቅበታለን» ሲለኝ አላምነውም።

ጥቁር ውሃ፦
እናንተም እኮ አትታመኑም። በአስር ዓመት ውስጥ ዲያስፖራው ለዚህ ከተማ ያመጣው ምንድን ነው? ፎቅ። መሬት አስወደዳችሁ፣ ቤት ሠርታችሁ ቆለፋችሁ፣ ቁልፉን ለዘበኛ ሰጥታችሁ ሄዳችሁ። የእኔ ትውልድ በገዛ ከተማው ሁለት ክፍል መከራየት አቅቶታል። ኢንቨስትመንት ይሄ ከሆነ ይቅርብን።

የሽምብጥ ልጅ (ሲያትል)፦
መጋዘን ከለከላችሁኝ፣ ቤት ፈቀዳችሁልኝ። ቤት ሠራሁ። ይሄን በእኔ ላይ ታላክካለህ?

ጥቁር ውሃ፦
«ከለከላችሁኝ» አትበል፣ እኔ አልከለከልኩህም። እኔ የማኅበር ቤት ስጠብቅ አርጅቻለሁ።

የግዮን ማዶ፦
አየህ፣ እሱም «እኛ» ውስጥ የለም ማለት ነው። አንተ ባሕር ዳር ተቀምጠህ የለህበትም፣ እሱ ሲያትል ሆኖ የለበትም። ታዲያ የሚያውቅበት ማን ነው?

መምህር ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ይህች ከተማ ከተማ የሆነችው በውጭ ገንዘብ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም አካባቢ ከጣሊያን የጦር ካሳ ላይ ተሠራ። ፖሊቴክኒኩን ሶቪየቶች ረዱን፤ ያ ትምህርት ቤት ነው ኋላ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ያኔም የላከው ሌላ፣ ያወቀበት ሌላ ነበር። ግን ምን እንደሚሠራ በወረቀት ተጽፎ ነበር። ስንት ሸማኔ፣ ስንት ጥጥ፣ ስንት ተማሪ። ጨርቃ ጨርቁ ስንት ቤተሰብ እንዳስተዳደረ የቀበሌ 3 ሰው ይመስክር። «እናውቅበታለን» ማለት በራሱ ነውር የለውም። የታወቀው ነገር ለሕዝብ ይነበብ ነው የምለው።

የሽምብጥ ልጅ (ሲያትል)፦
ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ፣ ግን የጦር ካሳ የመንግሥት ገንዘብ ነው። የእኔ የእኔ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ቀበሌ 14፦
ሁላችሁም ስለ አሜሪካ ነው የምታወሩት። እህቴ ቤሩት የሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አስራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በወር የምትልከው የእናቴ መድኃኒት፣ የሁለት ልጆች ትምህርት፣ የእኔ የቤት ኪራይ ነው። እሷ ዲያስፖራ አይደለችም? የግዮን ማዶ፣ ትናንት በዚያ አዳራሽ ከዓረብ ሀገር የመጣች አንዲት ሴት ነበረች?

የግዮን ማዶ፦
አልነበረችም። እውነቱን ለመናገር ትዝም አላለኝም፤ አሁን አንቺ ስትይ ነው የገባኝ።

ቀበሌ 14፦
ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ከዚህች እህቴ ላይ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ተሰብስቧል፣ ደስ እያላት ነው የገዛችው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ስልክ ላይ አብረን አለቀስን። ግን ኢንቨስትመንት ሲባል ዶላር የያዘ ወንድ ብቻ ይጠራል። በትንሽ በትንሽ አክሲዮን የምትገባበት ነገር ቢኖር እሷ ከሁላችሁም ትቀድማለች። አሁን ግን እድሜዋን ሙሉ ልካ ስትመለስ ያላት ነገር አንድ ሻንጣ ነው።

ወረታ ሩዝ፦
እህቴ እንዳለችው ነው። እኔ ፎገራ ላይ ሩዝ ነጋዴ ነኝ። ሩዙ በደርግ ጊዜ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች አስጀምረውን ዛሬ የሜዳው ሕይወት ሆኗል። የብሔራዊ ሩዝ ምርምር ማዕከሉም እዚሁ ወረታ ነው። ግን መፈልፈያዎቻችን ትንንሽና ያረጁ ናቸው፣ ሩዙ ይሰባበራል፣ ድንጋይ ይገባበታል። ስለዚህ ከጤፍ ጋር ለእንጀራ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ግን ከውጭ የመጣው ሩዝ ነው የተደረደረው። ዶላር አውጥተን የምናስገባውን ነገር ከጣና ዳር እያመረትን ነው እኮ! የሚለይ፣ የሚያጠራ፣ ሳይሰብር የሚፈለፍል ጥሩ ማሽን ቢመጣ ገበሬውም እኛም እናተርፋለን። ማንም ግን ስለዚህ አይጠይቀኝም። ሁሉም ሐይቅ ዳር ሎጅ ነው የሚያስበው።

ዘጌ፦
ሎጁን ስታነሳ ሆዴ ተላወሰ። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከተማ ውስጥ ግን ሰው ወደ ውሃው የሚደርስበት ዳር በየዓመቱ እየጠበበ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የዋኘሁበት ቦታ ዛሬ አጥር ነው። ገንዘቡን ማን እንደላከው አይደለም የእኔ ጥያቄ፣ የት እንደሚቆም ነው። የዘጌ ቡና ከጫካው ሥር ነው የሚበቅለው፣ ገዳማቱ ስለጠበቁት ነው ጫካው ያለው። እዚያ ላይ ሎጅ ልሥራ የሚል ሰው መጥቶ ነበር። ዲያስፖራ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም።

ጥቁር ውሃ፦
ዲያስፖራ ነው፣ ምን ትጠይቀዋለህ።

ዘጌ፦
አልጠየቅኩትም አልኩህ እኮ። የማላውቀውን አታናግረኝ።

የሽምብጥ ልጅ (ሲያትል)፦
እምቦጭ አረሙ በ2004 ዓ.ም ጣና ላይ ሲታይ ከውጭ ሆነን ስንጮህ ነበር። ገንዘብ አዋጥተናል። ያኔ ማንም «ፎቅ ሠሪ» አላለንም።

ዘጌ፦
አዋጥታችኋል፣ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ማሽን ተገዝቶ ቆሞ ሲዝግ አይቻለሁ፤ ነዳጁን፣ መለዋወጫውን፣ የሚነዳውን ሰው ያሰበ አልነበረም። በመጨረሻ ገበሬው ነው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው። ያውም በቀጣዩ ክረምት ይመለሳል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይሉ ነበር አባቶቻችን፣ እኛ ላይ ደረሰ።

መምህር ጡረተኛ፦
አሁን ሰውየው «እናውቅበታለን» ያለው ነገር ትንሽ ትርጉም አገኘ። ማሽኑን ላኪው አላወቀበትም። እዚህ ያለ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ጀልባና ማጭድ ይሻላል ይል ነበር።

የሽምብጥ ልጅ (ሲያትል)፦
ጋሼ፣ ገበሬው ነው ያወቀበት። ማይክ የያዘው ሰውዬ አይደለም። ሁለቱን «እኛ» አንድ አያድርጉብኝ።

ጥቁር ውሃ፦
ከዚህ ሁሉ ወሬ በፊት ስለ ዶላሩ እንነጋገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እስኪወሰን ድረስ ስንቶቻችሁ ነበራችሁ በባንክ የላካችሁ? እዚያ ለአንድ ሰው ዶላር ትሰጣላችሁ፣ እዚህ ሌላው ብር ያቀብላል። ሀገሪቱ መድኃኒት ማስገቢያ አጥታ። ያኔ «ሀገሬ» አልነበረም?

የግዮን ማዶ፦
ይሄ እውነት ነው፣ እኔም የወንድሜን ብር በዚያ መንገድ ተቀብያለሁ። በባንክ ቢልከው ግማሹ ነበር እናቴ ጋ የሚደርሰው። ነውር ነው ካልክ ነውር ነው። ግን እናቴን የዳያሊስስ ወረፋ ላይ አስቀምጬ ስለ ብሔራዊ ባንክ ማሰብ አልቻልኩም።

ጥቁር ውሃ፦
እናትህን እግዜር ይማርልህ። ስለዚህ ነገር ከአሁን በኋላ አልናገርህም።

የሽምብጥ ልጅ (ሲያትል)፦
በሕጉም ብንሄድ፣ እኔ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አለኝ። አዋጅ 270/1994 ብዙ መብት ይሰጠኛል፣ ያለ ቪዛ እገባለሁ፣ እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት መሥራት እችላለሁ። መምረጥና መመረጥ ግን አልችልም። እሺ፣ ዜግነቴን ቀይሬያለሁ፣ ተቀበልኩት። የባንክ አክሲዮን ግን አስታውሱ፤ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የነበራቸውን አክሲዮን መልሱ ተባሉ። በፈረንጆች 2019 አዋጁ ተሻሻለና «ኑ፣ ግዙ» ተባልን። አንዴ ውጡ፣ አንዴ ግቡ። ከመንገድ ላይ እንደ ዶሮ እሽ እየተባለ ገንዘብ አይገባም። ሕጉ ነገ አይቀየርም ብሎ የሚፈርምልኝ ሰው አምጡልኝ።

ወረታ ሩዝ፦
ሕግ፣ ሕግ። ነሐሴ 2015 ኢንተርኔቱ ሲጠፋ እኔ ገዢዬን በስልክ እንኳ በወጉ ማግኘት አልቻልኩም። ሩዙን ጭኜ ሰላም ነው የተባለውን መንገድ እየጠየቅኩ ነው የምሄደው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመረቀ፣ 380 ሜትር ነው፣ ያምራል፣ ደስ ብሎኛል። ከድልድዩ ማዶ ያለው መንገድ ግን አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ለዲያስፖራው ይሄንን ሳትነግሩት «ና» አትበሉት። ሰው አታለው ጠሩኝ ይላል።

ጥቁር ውሃ፦
ታዲያ ሰላም እስኪመጣ ይቆይ! እኔም ከመጀመሪያው የምለው ይሄን ነው። አሁን የሚመጣው ገንዘብ ሐይቅ ዳር አጥር ነው የሚሆነው። መሬት ሲረክስ የሚገዛ ገንዘብ ነው።

ቀበሌ 14፦
እስኪመጣ የእህቴ ልጆች ምን ይብሉ? አንተ መጠበቅ ትችላለህ። እኔ ሰፈር ከአስር ቤት ሰባቱ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ ነው የሚያድረው። ይቆይ ስትል ማንን እያቆየህ እንደሆነ እወቅ።

ጥቁር ውሃ፦
እህቴ፣ ስለ ቤተሰብ ገንዘብ አላልኩም፤ እሱን ማንም አይነካውም። ያልኩት ስለ ባለሀብቱ ነው።

ቀበሌ 14፦
እኔ ደግሞ እህቴ ባለሀብት ትሁን ነው የምለው። ከቤሩት ስትመለስ ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ላይ ድርሻ ይኑራት። ይሄ ለምን ይከብዳችኋል?

የሽምብጥ ልጅ (ሲያትል)፦
ይሄኛው ሐሳብ ገባኝ። ወረታ፣ ማሽኑ ስንት ነው? ኤሌክትሪኩ ይበቃል ወይስ ጄኔሬተር ይጨመርበታል? መጋዘኑ የራስህ ነው ወይስ ኪራይ? ጻፍልኝና ነገ ማታ በእናንተ ሦስት ሰዓት እደውላለሁ። እዚህ ያሉትን ልጆች አናግራለሁ። ግን ከአሁኑ እናገራለሁ፦ ፊርማዬ የሌለበት ሂሳብ ውስጥ አንድ ሳንቲም አላስገባም።

ጥቁር ውሃ፦
ይኸው። «ፊርማዬ»። ገና ሳይጀመር ማዘዝ ጀመረ።

የሽምብጥ ልጅ (ሲያትል)፦
አዎ፣ ፊርማዬ። ከጎኑ የወረታው ፊርማ፣ ከጎኑ የቀበሌ 14 እህት ፊርማ። ትናንት «እኛ» ያለው ሰውዬ ሦስቱንም አልጠየቀም።

ወረታ ሩዝ፦
ጄኔሬተር ይጨመርበታል። መብራቱ አይታመንም። ዋጋውን ጠዋት ጠይቄ እልክልሃለሁ።

ጥቁር ውሃ፦
መጋዘኑስ የማን መሬት ላይ ነው?