ወደ ደብረ ብርሃን ለሚዛወር ሰው፦ ስለ ቤት፣ ስለ መጓጓዣና ስለ ብርድ ልብስ ጥቆማ

በሥራ ዝውውርም ሆነ በትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ እኔ ግን በከተማዋ ዓመታት የኖርኩ እንደመሆኔ ከኪራዩ በፊት ስለ ብርዱ እንዲጠይቁ እመክራለሁ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድር በቀን የያዘችው ሙቀት በሌሊት ሁሉ ያመልጣል፤ በባሰበት ሌሊት ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ይጋገራል፣ ደጅ ያደረ የባልዲ ውኃም ስስ በረዶ ይሠራል። የሚከራዩት ቤት፣ የሚሳፈሩበት ባጃጅ፣ ማታ የሚደርቡት ብርድ ልብስ፣ የሊጡ መቡካት ሳይቀር በዚህ ብርድ የሚወሰን ስለሆነ ጥቆማዬን ሁሉ ከእርሱ አንጻር አቀርባለሁ።

ቤት ለማየት ሲሄዱ መጀመሪያ ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ። ብዙ ሰው የሚያነጻጽረው ግድግዳው ብሎኬት መሆኑን ወይም ጭቃ መሆኑን ነው፤ የእኔ ልምድ ግን ኮርኒስ ያለው የጭቃ ቤት ኮርኒስ ከሌለው የብሎኬት ቤት እጅግ እንደሚሻል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የኖርነው አዲስ በተሠራና ወለሉ በሴራሚክ ባማረ የብሎኬት ክፍል ውስጥ ነበር። ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ስለነበር በኅዳር ሌሊት ትንፋሻችን ቆርቆሮው ላይ እየተጠራቀመ፣ ሊነጋጋ ሲል ብርድ ልብሳችን ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ኮርኒሱ በአቡጀዴ ወደተወጠረና ግድግዳው ወደወፈረ አሮጌ የጭቃ ቤት ተዛወርን፤ ኪራዩ ያነሰ ሆኖ ሳለ ልጃችን ከሳሉ ያረፈው እዚያ ነው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሚከፈት ክፍል ካገኙ ደግሞ የጠዋቷ ፀሐይ ቀጥታ ስለምትገባልዎ ትንሽ ገንዘብ ቢጨምሩበትም አያስቆጭዎትም። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ እዚሁ ከተማ የሚሠራው የሱፍ ስጋጃ ከውጭ ከሚመጣው ምንጣፍ ይልቅ እግርን ያሞቃል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር አጥብቄ አደራ እላለሁ፤ ክፍል ለማሞቅ ብለው ከሰል አያይዘው፣ በርና መስኮት ዘግተው አይተኙ። ጭሱ ካለቀ በኋላ እንኳ ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው በመሆኑ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ ማስገባት ጭሱን ይቀንሳል እንጂ አደጋውን አያስቀርም፤ ከመተኛት በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል።

በከተማው ውስጥ ለመንቀሳቀስ ዋነኞቹ ባጃጅና ሚኒባስ ታክሲ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቋት ስለሚያልፍ፣ በእርሱ ላይ በመስመር የሚሠራ ባጃጅ ቀን ቀን አይታጣም። ችግሩ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ንጋት ላይና ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚገባ ባጃጅ የሚገኘው በኮንትራት ብቻ ነው ለማለት ይቻላል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ስለሚያስቸግር ሹፌሩ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይም ጭራሹኑ አልገባም ይላል። ስለዚህ ከአስፋልቱ በእግር አሥር ደቂቃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ያለ ቤት በወር ጥቂት መቶ ብር ቢወደድም፣ ለኮንትራት ከሚወጣው ወጪና በብርድ ቆሞ ከመጠበቅ ጋር ሲሰላ ርካሽ ይሆናል። ኮንትራት ሲይዙ ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይነጋገሩ፤ የመስመሩን ታሪፍ ደግሞ ከሹፌሩ ሳይሆን አብሮዎት ከሚሳፈር ሰው ይጠይቁ። ጠዋት በባጃጅ የሚሄድ ሰው አንገቱንና ጆሮውን ቢሸፍን ይበጀዋል፤ በጎን የሚገባው ነፋስ ከቆሙበት ብርድ የበለጠ ዘልቆ ይሰማልና።

ልጆችን ትምህርት ቤት ለማድረስ ብዙ ወላጆች በወር የሚከፈለው ባጃጅ ይይዛሉ። ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮችን እንዲያጣሩ እለምናለሁ፦ በአንድ ጉዞ ስንት ልጅ እንደሚጭን፣ ጎንና ጎኑ በሸራ ወይም በብረት የተዘጋ መሆኑን፣ ሹፌሩም መንጃ ፈቃድ ያለው መሆኑን። ባጃጅ የተሠራው ከኋላ ሦስት ሰው እንዲይዝ ነው፤ ስድስት ሕፃን አጨናንቆ የሚሄድ ሰው በዋጋ ቢረክስ እንኳ ልጅ የሚሰጡት ሰው አይደለም። ከቅዳሜ ገበያ ጤፍ ወይም ማገዶ ለማስጫን ግን ባጃጅ ከመከራየት ጋሪ ይሻላል፤ ይዘገያል እንጂ ዕቃው ሳይጎዳ ይደርሳል።

ወደ አዲስ አበባ ለመመላለስ የሚያመነቱት በሚኒባስ፣ በቅጥቅጥና በትልቅ አውቶቡስ መካከል ይሆናል። ሚኒባስ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይነሣል፤ ቅጥቅጥ ዘገምተኛ ቢሆንም ሻንጣ ለያዘ ሰው ይመቻል፤ ከደሴና ከዚያም ማዶ የሚመጡት ትልልቅ አውቶቡሶች በምቾት ይበልጣሉ፣ ነገር ግን እዚህ ሲደርሱ ባዶ ወንበር መኖሩ በዕድል ነው። እኔ የምመርጠው በጠዋት ከመናኸሪያው ተራ ይዞ የሚወጣውን ነው፤ ከአዲስ አበባ ስመለስም ከላምበረት መናኸሪያ እነሣለሁ። ምክንያቱን በራሴ ላይ ከደረሰው ልንገራችሁ። አንድ ዓርብ ማታ ከአዲስ አበባ ስመለስ ቸኩዬ ከመናኸሪያው ውጪ መንገድ ዳር ከሚጭን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ገና አሌልቱ ሳንደርስ ሒሳብ ሰበሰበ፤ ሸኖ ስንደርስ ሹፌሩ ከዚህ በላይ እንደማይሄድ ነግሮን ወረድን። ሊያሳልፈን የጠራው መኪና ወንበሩ ሁሉ የተያዘ ስለነበር ሕፃን ያዘለች አንዲት እናትና እኔ በዚያ ብርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ከመናኸሪያ የሚወጣ መኪና ግን ታሪፉም መድረሻውም ስለሚታወቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ እንኳ አቤት የሚባልበት ቦታ አለ። በበዓል ዋዜማ መኪና ስለሚጠፋ ጉዞውን ሁለት ቀን አስቀድሞ ማድረግ ይሻላል። ከመነሣት በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ዋሻው ያለበትን የጣርማ በር ተራራ በቀን እንዲያልፍ ያስብበት። ጉም ሲወርድ ወደ ዋሻው ከመግባት በፊት ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ጥቂት ሜትር እንኳ አያሳይም። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ደብረ ሲና ላይ በመስኮት የሚሸጠውን የገብስ ቆሎ ይግዙ፤ እዚህ ከተማችን የሚቆላውም መልካም ነው፣ የዚያኛው ግን ፍሬው ሳያር እኩል የበሰለ በመሆኑ ለጥርስ ይቀላል። ሽንኩርትና ፓፓያ ከሸዋ ሮቢት በኩል ስለሚመጣ መኪናው ከዚያ በገባ ዕለት መግዛት ትኩሱን ያስገኛል።

ለማእድ ቤት ፕሬሸር ኩከር ይዘው ይምጡ። በዚህ ከፍታ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላም ሥጋም ከለመዱት ጊዜ በላይ ይቆያል፤ ሽምብራ ካላዘፈዘፉ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የእንጀራ ሊጥም በብርዱ ምክንያት ቶሎ አይቦካም፤ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ማሳደር አንድ ቀን ያተርፋል። ሴቶች በየሰፈሩ የሚሸጡት እንጀራ ጥሩ ነው፣ ሆኖም በኅዳርና በታኅሣሥ ሳይበርድ ለመግዛት ከጋገሩበት ቤት መውሰድ ይሻላል።

በመጨረሻ ብርድ ልብስ። ከተማችን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ስትሆን፣ መንዝ ደግሞ በበጎቹ ጠጉርና ከዚሁ ጠጉር በሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በባናው፣ የታወቀ አገር ነው። ገበያ ላይ የሚያገኟቸው ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የፋብሪካው ብርድ ልብስ፣ ከውጭ የሚመጣው ለስላሳ ባለ አበባ ብርድ ልብስና ባና። ባለ አበባው ሲነኩት ያታልላል። አንድ ሱቅ ውስጥ ንጹሕ ሱፍ ነው ተብዬ ውድ ዋጋ ከፍዬ ወደ ቤት ሳመጣው፣ የመንዝ ተወላጅ የሆኑት ጎረቤታችን ከጠርዙ አንድ ክር መዘው በክብሪት ለኮሱት። ክሩ ቀልጦ እንደ ጥቁር ዶቃ ጠጠረ። ከራሳቸው ባና ደግሞ ክር መዘው ሲለኩሱት የተቃጠለ ጠጉር ሸተተ፣ በጣታቸው ሲያሹትም ዱቄት ሆነ። «ልጄ፣ የበግ ጠጉር እንዲህ ነው፤ ያኛው ላስቲክ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ባለ ሱቁ ፈቅዶ ክር ካላስመዘዘኝ አልገዛም፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ መልካም ነው።

ለአንድ ሰው አልጋ የፋብሪካው ብርድ ልብስ ይበቃል፣ ለመታጠብም ይመቻል። ባና ግን ከባድ ነው፤ መጀመሪያ ቆዳ ይኮሰኩሳል፣ ሽታውም ለጥቂት ሳምንት አይለቅም። ይሁንና ከሥሩ አንሶላ ወይም ነጠላ አድርጎ የደረበው ሰው በታኅሣሥ ሌሊት ሌላ ነገር አይፈልግም። ሲገዙ ወደ ብርሃን ዘርግተው ይዩት፤ ብርሃን በብዛት የሚያሳልፍ ከሆነ ሽመናው ሳስቷል ማለት ነው። ቀለም ያልተነከረውን፣ በበጉ በራሱ ጥቁርና ቡናማ ጠጉር የተሠራውን ቢመርጡ እላለሁ፤ ቀለሙ ሲታጠብ አይለቅም። በሙቅ ውኃ ፈትጎ ማጠብ ሱፉን ያኮማትረዋልና በቀዝቃዛ ውኃ ቀስ ብሎ ማለቅለቅ፣ ብል እንዳይበላውም በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ላይ አስጥቶ በደንብ ማራገፍ ይበቃዋል።