ለቤት ሰርቨር ያገለገለ የሰርቨር ካርድ፣ አዲስ የሳታ ካርድ ወይስ ሬድ? (ክርክር)

ቀራጩ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። የቢሮዬ መሳቢያ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተሞልቷል። እያንዳንዱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «ጥር 2009፣ 3 ሰርግ» ምናምን ብዬ ጽፌበታለሁ። ባለፈው ወር አንዱ አልከፍት አለ። ሙሽሮቹ ዛሬ ሁለት ልጅ ወልደዋል፣ ቪዲዮውን ለልጆቹ ሊያሳዩ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ስልክ ማንሳት ፈራሁ።

ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቦታ ልሰበስብ ቆርጬ ተነሳሁ። ኤች110 ማዘርቦርድ ያለው ማሽን ገጣጥሜ ሊኑክስ ጭኜበታለሁ። ቦርዱ ያለው 4 የሳታ ቀዳዳ (የዲስክ መሰኪያ) ብቻ ነው። አንዱ ላይ ሲስተሙ ያለበት ኤስኤስዲ፣ ሦስቱ ላይ ዲስክ። አሁን 4 ባለ 8 ቴራ ዲስክ ልጨምር ነው፣ መሰኪያ የለኝም። እህቴ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሜሪላንድ ትመጣለች፤ መሰኪያ የሚጨምርልኝን ካርድ ይዛልኝ ትመጣለች። አንዱ ጓደኛዬ ያገለገለ የሰርቨር ካርድ ግዛ ይላል። ሌላው የሰው ጥራጊ ምን ያደርግልሃል፣ አዲስ የሳታ ካርድ ግዛ ይላል። ሦስተኛው ሬድ ካርድ (ብዙ ዲስክ አጣምሮ በራሱ የሚያስተዳድረው) ካልሆነ ይቅርብህ ባይ ነው። እስቲ ፍረዱኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ እህትህ ሰፈር ነኝ፣ ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል። ያገለገለውን ግዛ ወንድሜ። ኤልኤስአይ 9207-8አይ በላት። 8 ዲስክ ይሸከማል። ዳታ ሴንተሮች ሰርቨር ሲቀይሩ እነዚህን ካርዶች በጅምላ ያወጧቸዋል፤ ኢቤይ ላይ በርካሽ ይቸበቸባሉ። ያገለገለ ሲባል የሚኒባስ ሞተር አታስቡ። የሚሽከረከር፣ የሚፋቅ፣ ዘይት የሚጠጣ ነገር የለውም።

9211-8አይ የሚባለው ታላቅ ወንድሙም ደህና ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሬድ ፈርምዌር (የካርዱ የውስጥ ሶፍትዌር) ተጭኖበት ነው የሚመጣው፤ ወደ አይቲ ሞድ ፍላሽ ማድረግ፣ ማለትም ፈርምዌሩን መቀየር ይኖርብሃል። 9207 ከፋብሪካው አይቲ ሞድ ሆኖ ነው የወጣው። አይቲ ሞድ ማለት ካርዱ ዲስኮችህ ላይ አይፈላሰፍም ማለት ነው። እንዳሉ ለሊኑክስ ያስረክባቸዋል።

ማሂ ኔትወርክ፦
ሲልቨር ሆይ፣ አንዱን ነገር ዘለልከው። ሙቀቱን!

እኔ 9211 ነበረኝ። ቤቴ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር። ቀን ቀን ሰላም ነው። ሌሊት ዲስኮቹን የሚፈትሸው ሥራ ሲጀምር ከስምንት ሰዓት በኋላ አንድ ዲስክ ይጠፋል። ከዚያ ሁለተኛው። ጠዋት ማሽኑን አጥፍቼ ሳበራ ሁሉም ቦታቸው ናቸው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሁለት ሳምንት ገመድ ስቀያይር ኖርኩ። አንድ ሌሊት ሲጠፋ ክዳኑን ከፍቼ የካርዱን ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣውን ብረት) በጣቴ ነካሁት። ጣቴን አቃጠለኝ፣ ምልክቱ ሳምንት ቆየ። እነዚህ ካርዶች የተሠሩት ፋኑ እንደ አውሮፕላን ለሚያፏጭ ሰርቨር ነው። ነፋሱ ከፊት ገብቶ ከኋላ ሲወጣ ካርዱን ያቀዘቅዘዋል። በእኛ ኬዝ ውስጥ ያ ነፋስ የለም። ከድሮ ማሽን ትንሽ ፋን ነቅዬ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሂትሲንኩ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ዲስክ አልጠፋም። ግን ሁለት ሳምንቴን ማን ይመልስልኝ?

ለቀራጩ የምለው፦ 4 ዲስክ ለመጨመር ኤኤስኤም1166 ቺፕ ያለው አዲስ ካርድ ይበቃሃል። 6 የሳታ ቀዳዳ አለው። ፋን አይፈልግም፣ ፍላሽ አይፈልግም፣ ልዩ ገመድ አይፈልግም።

ጀማሪ ነኝ፦
እኔ ኢንተርኔት ላይ ባለ 20 ቀዳዳ የሳታ ካርድ አይቻለሁ፣ ዋጋውም ቀላል ነው። እሱን ገዝቶ መገላገል አይሻልም?

ማሂ ኔትወርክ፦
በስመአብ! እሱን እንዳትነካው። 20 ቀዳዳ የሚሉት ጥቂት እውነተኛ ቀዳዳ ነው፣ ሌላው በማባዣ ቺፕ የተቀጠለ። ብዙዎቹ የሚሰኩት በአንድ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሌን (ካርዱን ከቦርዱ በሚያገናኝ የዳታ መስመር) ነው። ሦስተኛው ትውልድ ላይ አንድ ሌን በሰከንድ 985 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል። ለ20 ዲስክ ስታካፍለው ለአንዱ 50 አይሞላም። አንዱ ዲስክ ሲያስነጥስ ደግሞ አብረውት የተሰኩት ሁሉ ጉንፋን ይይዛቸዋል።

የድሮው አይቲ፦
ልጆች፣ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ይግባ። ባንክ ቤት ሰርቨር ሩም ውስጥ ጸጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት ሀገር ስለ ርካሽ ካርድ ስትከራከሩ ይገርመኛል። ሬድ ካርድ የራሱ ሜሞሪ አለው፣ ሜሞሪውን የሚጠብቅ ባትሪ አለው። መብራት ቢሄድ ገና ዲስክ ላይ ያልደረሰው ዳታ ካርዱ ላይ ይቆያል። መብራት ሲመለስ ይጻፋል። ይህን ስንት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። የሰው ሰርግ በሦስት ዲስክና በጸሎት አይያዝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ እዚህ ላይ አልስማማም። ካርዱ ራሱ ሲሞትስ?

ማሂ ኔትወርክ፦
እኔም ከይቅርታ ጋር ጋሼ። እርስዎ ባንክ ሳሉ ሼልፍ ላይ ያው ዓይነት መለዋወጫ ካርድ ነበር፣ ስልክ ሲደወል የሚመጣ ድርጅትም ነበር። ቀራጩ ምን አለው? ሬድ ካርድ ዲስኮቹን በራሱ ቋንቋ ነው የሚጽፋቸው። ካርዱ ከተቃጠለ ብዙውን ጊዜ የዚያኑ ቤተሰብ ካርድ መፈለግ ነው። አንድ የማውቀው ቢሮ ካርዱ ሞቶበት ሁለት ወር መርካቶና መገናኛ ሲፈልግ ነበር። ዲስኮቹ አንዳቸውም አልተበላሹም። ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ካርድ ይጠብቁ ነበር።

በአይቲ ሞድ ካርድም ሆነ በሳታ ካርድ ግን ሬዱን የሚሠራው ሊኑክስ ወይም ዜድኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሲስተም ነው። ካርዱ ቢሞት ዲስኮቹን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ መሰካት፣ አለቀ።

ባትሪውም ቢሆን ያረጃል። ያገለገለ ሬድ ካርድ ሲገዛ ባትሪው ሞቶ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ባትሪው ሲሞት ካርዱ ሜሞሪውን ለመጻፍ መጠቀም ያቆማል፣ ፍጥነቱም አብሮ ይወርዳል። ያኔ ጥቅሙ የቱ ላይ ነው?

የድሮው አይቲ፦
ባትሪው ላይ እውነት አለሽ ልጄ፣ በየጊዜው እንቀይር ነበር። መለዋወጫውም ነበረን፣ አልዋሽም። ግን ዩፒኤስ የሌለው ሰው ዜድኤፍኤስም አያድነውም።

ማሂ ኔትወርክ፦
በከፊል ነው ጋሼ። ዜድኤፍኤስ ያለውን ዳታ ላዩ ላይ አይደልዝም፤ አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ ሲጨርስ ነው የሚቀይረው። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ይጠፋሉ እንጂ የአምናው ሰርግ አይነካም። ዩፒኤስ ይግዛ ያሉት ላይ ግን አብሬዎት ነኝ። ከካርዱ በፊት ይግዛ።

ዱባይ ያለሁት፦
ካርድ ካርድ ትላላችሁ። ሰውዬው ለምን ትልልቅ ዲስክ አይገዛም? ሦስቱን አሮጌዎች አውጥቶ በባለ 16 ቴራ ይተካ። ካርድ የለ፣ ሙቀት የለ፣ ገመድ የለ።

ቀራጩ፦
አራቱን ባለ 8 ቴራ እኮ ገዝቼ ጨርሻለሁ ወንድሜ። መልሰህ ሽጥ ካልከኝ ሚስቴን አንተ ታናግርልኛለህ።

ዱባይ ያለሁት፦
እንግዲያው ተውኩት። ሐሳቤ ግን ለሌላው አንባቢ ይሠራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወደ ማሂ ልመለስ። የአንቺ ካርድ ሁለት ሌን ነው የሚጠቀመው። የኔ 9207 ስምንት ሌን አለው። ነገ ቀራጩ 8 ዲስክ በካርዱ ላይ ቢሰካ፣ ከነገ ወዲያ ከመሥሪያ ቤት የወጡ ርካሽ የሳስ (የሰርቨር ዓይነት) ዲስኮች ቢያገኝ፣ የኔ ካርድ ይቀበላቸዋል። የሳስ ካርድ የሳታ ዲስክ ያነባል፤ የሳታ ካርድ ግን የሳስ ዲስክ አያነብም።

ማሂ ኔትወርክ፦
ሳስ ላይ ረታኸኝ። ሌኑ ላይ ግን ሒሳብ እንሥራ። ሁለት ሌን ሦስተኛው ትውልድ ላይ ወደ 1,970 ሜጋባይት ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ ቢሮጥ ቢሮጥ 250 ገደማ ነው። ስድስቱም አንድ ላይ ቢሮጡ 1,500። ተረፈ እንጂ አልጎደለም። ስምንት ሌን ለሃርድ ዲስክ መስጠት ለአንድ ሰው አውቶብስ እንደ መከራየት ነው።

ቀራጩ፣ አንድ ነገር ግን ጻፍ። ኤች110 ቦርድ ላይ ትንንሾቹ ባለ አንድ ሌን ስሎቶች ሁለተኛ ትውልድ ናቸው፣ 500 ሜጋባይት ብቻ። የትኛውንም ካርድ ብትገዛ ረጅሙን የግራፊክስ ስሎት ነው የምትሰጠው። ሰርቨሩ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ባዶ ስለሆነ ችግር የለውም።

ሌላው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። 9207 ቁጭ ብሎም ወደ 10 ዋት ይበላል። ሌት ተቀን ከበራ በዓመት ወደ 88 ኪሎ ዋት ሰዓት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰባት ዲስክ ሲሽከረከር ከ40 ዋት በላይ ይበላል፤ አንቺ ስለ ካርዱ 10 ዋት ታለቅሻለሽ። ከዚያ ይልቅ ፓወር ሰፕላዩን ጠይቂው። አንድ ዲስክ ሲነሳ 12 ቮልት ላይ ወደ 2 አምፒር ይጎትታል። ሰባቱ እኩል ሲነሱ ከ160 ዋት በላይ ነው፣ ለጥቂት ሰከንድ ቢሆንም። ምንጩ ያልታወቀ ፓወር ሰፕላይ እዚያ ላይ ነው የሚዝለፈለፈው።

የድሮው አይቲ፦
ይሄኛው የሊቅ ንግግር ነው። የዲስክ ችግር ብለው ከጠሩኝ ስንቱ የፓወር ሰፕላይ ሆኖ ተገኝቷል መሰላችሁ።

ጀማሪ ነኝ፦
ያገለገለው ካርድ ፎርጅድ ቢሆንስ? ሰው ሲያወራ እሰማለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አለ። የካርዱን ሠሪ ኤልኤስአይን በፈረንጆች 2014 አቫጎ የሚባል ድርጅት ገዛው። አቫጎ ደግሞ በፈረንጆች 2016 ብሮድኮምን ገዝቶ ስሙን ወሰደ። ስለዚህ ዛሬ «አዲስ፣ ያልተከፈተ ኤልኤስአይ 9211» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ጠርጥሩ። እኔ አቧራ የነካውን፣ ከሰርቨር የተነቀለ መሆኑ የሚያስታውቀውን ነው የምመርጠው። ንጹሑ ነው የሚያስፈራኝ። የገዛችሁት 9211 ከሆነ ደግሞ ፈርምዌሩን 20.00.07.00 አድርጉት። የ20ኛው የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ችግር ነበረባቸው።

ማሂ ኔትወርክ፦
አየህ ቀራጩ? አንዱ የፈርምዌር ቁጥር ያስሸመድድሃል፣ ሌላዋ «ሰክተህ ቡናህን ጠጣ» ትልሃለች። ኬዝህ ስንት ዲስክ ይይዛል?

ቀራጩ፦
ኬዙ 8 ሃርድ ዲስክ ይይዛል፣ 7 ልሞላ ነው። እውነቱን ለመናገር ማሂ አሳምናኛለች። ሬዱን ደግሞ ጋሼ ራሳቸው መለዋወጫ እንደነበራቸው ሲናገሩ ነው የተውኩት።

ግን አንድ ጉድ አለ። እህቴ ይህን ክርክር ከትናንት ጀምሮ እያነበበች ነው። የሲልቨር ስፕሪንግን የመጀመሪያ መልስ እንዳየች ካርዱን ገዝታዋለች። ከእኔ ቀድማ። 9207።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህት ማለት እንዲህ ነው!

ማሂ ኔትወርክ፦
ምን ይደረግ። መጥፎ ካርድ አይደለም፣ አልዋሽም። እንግዲያው 4 ሳንቲ ሜትር ፋን ይዛ ትምጣ። ሂትሲንኩ ላይ ታስረዋለህ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ እኔ እሰጥሃለሁ። ጣትህን ግን አታስነካ። ገመድስ ገዝታለች? ያ ካርድ የሳታ ቀዳዳ የለውም። በአንድ በኩል ኤስኤፍኤፍ-8087፣ በሌላ በኩል አራት ሳታ የሆነ ገመድ ያስፈልገዋል።

ቀራጩ፦
ገዝታለች፣ ፎቶውን አሁን ላከችልኝ። አራት ራስ አለው፣ ልክ እንዳልሽው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቆይ ቆይ። ያ ገመድ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሲያዩት መንታ ነው። ፎርዋርድ የሚባለው ከካርድ ወደ ዲስክ ይሄዳል። ሪቨርስ የሚባለው በተቃራኒው ከማዘርቦርድ ሳታ ወደ ሰርቨር መደርደሪያ ነው። ከተሳሳተች አንድም ዲስክ አይታይህም፣ ካርዱ ሞቷል ብለህ ታለቅሳለህ። ፌስታሉ ላይ ምን ይላል?

ቀራጩ፦
ሪቨርስ ይላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
በላት ትመልሰው። ደረሰኙን እንዳትጥል።